በአንድ ሳህን የተቀላቀለ ዕጣ

ብቻውን መብላት የማይሆንለት ሰው ታውቃላችሁ አይደል? ምግቡስ ይሁን፤ መድኃኒት ሲያካፍል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እዚህ ስቶክሆልም በአስተርጓሚነት ስሠራ አይቻለሁ።

እትዬ አስካለና እትዬ ጽጌ ሁስቢ በሚባል የከተማው ሰፈር በራቸው ፊት ለፊት የሆነ ጎረቤታሞች ናቸው። ሁለቱም ደም ግፊት አለባቸው፤ ሁለቱም አዲስ መድኃኒት ወደሚሞከርበት ጥናት ፈቅደው ገቡ። የጥናቱ ሐኪም በእኔ አንደበት በደንብ አስረዳቻቸው። ዕጣ ይወጣል፤ ለአንዱ መድኃኒቱ፣ ለሌላው መልኩ ያው የሆነ ባዶ ክኒን ይደርሰዋል። የቱ ለማን እንደደረሰ እሷም አታውቅም። እትዬዎቹ “ገብቶናል” አሉ።

ቤት ሲደርሱ ሁለቱን ብልቃጥ አንድ ሳህን ላይ ገለበጡና እኩል ተካፈሉ!

ሳይንስ በስንት ጥበብ የለየውን ሳህን አገናኘው። ይህን ጉድ የትኛው ተመራማሪ አስቀድሞ ያስበዋል? በቀጠሯቸው ቀን እትዬ ጽጌ ራሳቸው በኩራት ሲናገሩ ሐኪሟ ፊቷ ተለዋወጠ።

“ለምን?” አለች።

“ልጄ” አሉ እትዬ አስካለ፣ “እሷ ባዶውን እየዋጠች እኔ ብድን፣ ሊፍት ውስጥ በምን ዓይኔ አያታለሁ?”

ተረጎምኩት። ሐኪሟ ሁለቱንም ከጥናቱ አስወጣቻቸው። ከእኛ ከሐበሾች ደግሞ ወደ ጥናቱ የገቡት እነሱ ብቻ ነበሩ።

ልስቅ አሰብኩና ተውኩት። ግፊት እኔም አለብኝ። ያ መድኃኒት ለእኛ ይሥራ አይሥራ የሚያውቅ የለም፤ አለማወቁን ግን ሁላችንም እኩል ተካፍለነዋል።