የምን ዲስክ?

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው ሐሙስ ቀን ነው። የአጣሪ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ «ሰኞ» ይላል፤ አትመኑት። ሰኞ የሞተው ሰርቨሩ ነው። እኔ የሞትኩት ከዚያ በፊት፣ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ነው።

መቼም መሣሪያን የሚያህል ጨዋ የለም። ሰው ሲከዳችሁ እየሳቀ ነው፤ ዲስክ ግን ሊሞት ሲል ይናገራል። መጀመሪያ ይዘገያል፣ ቀጥሎ ይንተባተባል፣ ከዚያ ቢጫ መብራት ያበራል። የኛም እንዲሁ አድርጎ ነበር። ፈረስ መጋላ አጠገብ ባለው መሥሪያ ቤታችን፣ ከምስጥና ከአይጥ የተረፈውን የከተማውን የቤት ፋይል አንድ በአንድ ፎቶ አንስተን ያስገባነው እዚያ ሰርቨር ውስጥ ነው። በሆዱ ሁለት ዲስኮች አሉ፤ አንዱ የያዘውን ሌላውም ይይዛል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ቤት ይጠብቃል። አንደኛው ሞተና ቢጫው መብራት በራ። ምትክ ይገዛልን ብዬ ጻፍኩ። «በሚቀጥለው በጀት ዓመት ይታያል» ተባለ። መብራቱ የበጀት ዓመት አያውቅም፤ ብልጭ ድርግም ማለቱን ቀጠለ።

እንቅልፍ ይሰጠኝ የነበረው ሦስተኛው ዲስክ ነው። መዳፍ የምታህል፣ በየሳምንቱ ዓርብ ሁሉንም ገልብጬ መሳቢያዬ ውስጥ የምቆልፍባት ሃርድ ዲስክ። የንብረት ቁጥሯን በነጭ ቀለም በገዛ እጄ ጽፌባታለሁ።

ሐሙስ ዕለት ኃላፊያችን ጋሽ አለማየሁ መጡ። እሑድ ሴት ልጃቸውን ይድራሉ፤ ቪዲዮ አንሺው ትልቅ ዲስክ አምጡ ብሏቸዋል። የከተማው ፋይል በሙሉ እዚያ እንዳለ፣ ሰርቨሩም ባንድ እግሩ እንደቆመ ነገርኳቸው።

«ጥግ ላይ ትንሽ ቦታ ነው የምንወስደው፣ የኔ ልጅ። ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛህ ላይ ናት።»

ዲስኳን ይዘው እንደወጡ ጸሐፊዋ ነኢማ፣ «ድረስባቸውና አስፈርማቸው፤ ወላሂ ኋላ ይቆጭሃል» አለችኝ።

አሁን እናንተም «ምነው ታዲያ አላስፈረምካቸው?» ትሉኛላችሁ። እስቲ ልጃቸውን የሚድሩ ትልቅ ሰው፣ የሠርግ ጥሪ በሰጧችሁ እጃቸው ላይ የርክክብ ቅጽ አስቀምጡ! ዩኒቨርሲቲ ዲስክን የሚገድለውን ሁሉ ዘርዝረው አስተምረውናል፤ ሙቀት፣ አቧራ፣ የመብራት መቆራረጥ። ይሉኝታ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል። እሑድ ሠርጉ ላይ ተገኝቼ እስክስታ ወረድኩ።

ሰኞ መብራት ሄዶ መጣ። የቀረው ዲስክ ግን አብሮት አልመጣም። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፣ ማስገቢያውን ቀየርኩ፣ አቧራውን ጠረግሁ፣ በመጨረሻ ጆሮዬን ለጥፌ አዳመጥኩ። ውስጡ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ይህ ድምፅ ከተሰማ በኋላ ጥገና የለም፤ ያለው መጠባበቂያ ቅጂ ብቻ ነው። ሮጬ ጋሽ አለማየሁ ቢሮ ገባሁ። ቪዲዮ አንሺው ቦታ ሲጠበው ዲስኳን ጠራርጎ ሠርጉን ከዳር እስከ ዳር እንደሞላባት ያን ጊዜ ነገሩኝ። ትከሻዬን ይዘው «እኔና አንተ እንፈታዋለን» አሉኝ። በሳምንቱ ኮሚቴው ፊት ስለ ዲስኳ ስናገር ግን ቀና ብለው አዩኝና፣

«የምን ዲስክ?» አሉ።

ነኢማ ተጠራች። የኮንትራቷ እድሳት ጋሽ አለማየሁ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ አቀርቅራ «አላየሁም» አለች። አልፈረድኩባትም። እኔም «መጠባበቂያ ቅጂ ባለመያዝ» ተብዬ ወደ ወረቀት መጋዘን ተዛወርኩ። ይኸው አይጥ የተወውን ሳስተካክል አራተኛ ዓመቴ።

በየረቡዑ እትዬ ዘውዴ ከሸዋ በር በእግራቸው ይመጣሉ። አያታቸው የሠሩትን ቤት ዓይናቸው ሳይከደን ለልጃቸው ማዛወር ይፈልጋሉ፤ ፋይል ከሌለ ደግሞ ዝውውር የለም።

«ልጄ፣ ፋይሌን ተሻለው?» ይሉኛል፣ ሐኪም ቤት የተኛ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው። ወረቀታቸውን አግኝቼዋለሁ። ፎቶ ካነሳነው በኋላ አይጡ ስማቸውን ትቶ ካርታውን በልቶታል። ይህን አልነገርኳቸውም፤ «ትንሽ ይቆዩ» እላቸዋለሁ።

ባለፈው ወር ጋሽ አለማየሁ ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ጠሩኝ። አሁን ጡረታ ወጥተው አቦከር ሰፈር ቤታቸው ናቸው። ሄድኩ። ይሉኝታዬ የሞተ መስሏችሁ ነበር? ከምሳ በኋላ የሠርጉ ቪዲዮ ተከፈተ። ከቴሌቪዥኑ ሥር መዳፍ የምታህል ዲስክ ተሰክታለች፤ በጎኗ ነጭ ቁጥር፣ የእጄ ጽሑፍ። ቀና ስል ደግሞ እኔው ራሴ በቴሌቪዥኑ መስኮት ውስጥ ትከሻዬን እየሰበቅሁ እስቃለሁ። የእትዬ ዘውዴ ካርታ በነበረበት ቦታ ላይ እየጨፈርኩ ነው።

«አያችሁት ይሄን ልጅ? ያኔ እንዲህ ነበር!» አሉ ጋሽ አለማየሁ። ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። መርቄ ወጣሁ።

ጋሽ አለማየሁ፣ ማዕድዎን ቀምሼ እዚያው መጠየቅ ነውር ስለሆነ ዝም አልኩ። ይህ ወረቀት ግን የማንም ቤት አይደለም። ለእኔ መመለስ ቢከብድዎ ለእትዬ ዘውዴ ይመልሱላቸው፤ ረቡዕ ይመጣሉ፣ ወንበር አዘጋጃለሁ። ያቺ ከቴሌቪዥንዎ ሥር ያለችው የምን ዲስክ ናት?