ላቧ ሳይደርቅ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ስሮጥ አደርኩ። እኔ ምትኩ፣ የመሥሪያ ቤታችንን ደረጃ ስወጣ ሁለት ጊዜ የማርፈው ሰውዬ፣ ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ ከረባት አስሬ፣ ማይክሮፎን ጨብጬ ስታዲየም ውስጥ እዞራለሁ። ከፊቴም ከኋላዬም የሚሮጡት የስፖርት ጋዜጠኞች ናቸው። አትሌቶቹ ጥላ ፎቅ ተቀምጠው ቆሎ እየቆረጠሙ ማስታወሻ ይይዛሉ። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ሁሉም ፍጥነቱን ቀነሰ። በዚያ አገር የሚያሸንፈው የመጨረሻው ነው ለካ። ዕድሜ ለቦርጬ፣ ማንም ሳይጠጋኝ አሸነፍኩ።

ሕልሙን ከመቀጠሌ በፊት ምን ይዤ እንደተኛሁ ልናገር፤ አለዚያ እብደት ይመስላል። አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ስፖርት ስዘግብ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሐሙስ ዕለት ቦንሳ የሚባል ልጅ ከአርሲ ደወለልኝ። የሯጯ የሶሬቲ ቱፋ ወንድም ነው። ሶሬቲን ገና ከታዳጊዎች ጋር ስትሮጥ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ቤተሰቧንም እንደዚያው።

“ጋሽ ምትኩ፣ አባታችን ዛሬ ጠዋት አረፈ” አለኝ። “ሶሬቲ አልሰማችም። እሑድ የብሔራዊ ቡድን ምርጫ አለባት፤ አራት ዓመት የለፋችበት ነው። ሰኞ ንጋት ላይ ሽማግሌዎች ይዘን አክስታችን ቤት እናረዳታለን። እስከዚያ ሰው ከአፉ እንዳያመልጠው። ከጋዜጠኛ የነገርኩት ለእርስዎ ብቻ ነው፤ አደራ።”

አደራውን ተቀበልኩ። በማግስቱ ለአለቃዬ ለናትናኤል ነገርኩት። ባለማወቅ እንዳይጠይቃት ብዬ ነው፣ ለጥንቃቄ ነው ማለት ይቻላል። እውነቱን ካወጣሁት ግን ሌላው የማያውቀውን ማወቄ ልቤን አሳብጦት ነበር። በዕድሜ ልጄ ሊሆን የሚችለው አለቃዬ ማኪያቶውን አስቀመጠና፣ “ጋሼ፣ ይሄ እኮ ወርቅ ነው። ልክ ሩጫውን ስትጨርስ ጠይቃት፣ ሌላው ሳይቀድመን” አለኝ። እምቢ አላልኩም። ቅዳሜ ማታ ጥያቄዎቼን ጻፍኩ። ሰባተኛው “የአባትሽን ሞት እንዴት ተቀበልሽው?” የሚል ነበር። ከዚያ ተኛሁ።

እንግዲህ በሕልሜ ካሸነፍኩ በኋላ ወደ ምርመራ ክፍል ወሰዱኝ። ሽንት የሚፈልጉ መስሎኝ ቀበቶዬን ልፈታ ስል፣ ነጭ ጋውን የለበሰች ፍየል “ተወው” አለችኝ። “እኛ የምንመረምረው ጥያቄ ነው። ናሙና ስጠኝ።”

ወረቀቴን ሰጠኋት። የመጀመሪያውን፣ “ውድድሩ እንዴት ነበር?” የሚለውን ቀመሰችና “ይሄን ሃያ ዓመት በልቼዋለሁ” ብላ ዋጠችው። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም እስከ ስድስተኛው ድረስ ያለ ቅሬታ በላች። ሰባተኛውን አላመጠች፣ አላመጠችና እግሬ ሥር ተፋችው። ፍየል ፌስታል ትበላለች፤ ካርቶን ትበላለች። የእኔን ጥያቄ ግን ተፋችው።

“ምን አገኘሽበት?” አልኳት።

“የሰው ጓዳ ይሸታል” አለችና ቀጣዩን ጋዜጠኛ ጠራች።

የተላመጠውን ወረቀት አንስቼ ስወጣ አትሌቶቹ ማይክሮፎናቸውን እየደቀኑ ከበቡኝ። አንድ ረጅም የማራቶን ሯጭ ሌሎቹን በክርኑ ገፋ አድርጎ ቀረበ።

“ጋሽ ምትኩ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ከባለቤትዎ ጋር መኝታ ከለያችሁ ስንት ጊዜ ሆነ?”

“ሁለት ዓመት…” ብዬ ምላሴን ያዝኩ። “ይሄ ከሩጫው ጋር ምን አገናኘው?”

“አድማጭ ማወቅ ይፈልጋል።”

ይህችን ቃል አውቃታለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስበላባት ኖሬያለሁ። እስቲ ይሄ አድማጭ የሚሉት ማነው ብዬ ቀና አልኩ። ሠላሳ ሺህ ሕዝብ በሁለት እጁ ጆሮውን ደፍኖ ቆሟል። ምርኩዝ የያዙ አንድ አዛውንት አንዱን ጆሯቸውን ራሳቸው ደፍነዋል፤ ሌላውን አጠገባቸው የቆመ ፖሊስ ደፍኖላቸዋል። አንድ ሰው እንኳን የእኔን መኝታ ቤት ለመስማት አልፈለገም። ሯጩ ግን መጠየቁን አላቆመም። ስለ ማንኮራፋቴ ጠየቀኝ፤ ስለ ሰው ሠራሽ ጥርሴም ጠየቀኝ። ትንፋሼ ስላልተመለሰ ውሸት እንኳን መፍጠር አልቻልኩም። የጠየቀኝን ሁሉ መለስኩለት። ለካ እኛ ሰውን ሮጦ እንደጨረሰ የምንይዘው ለዚህ ነው።

ያን ጊዜ ሶሬቲ መጣች። ሌሎቹ መንገድ ለቀቁላት።

“ጋሽ ምትኩ፣ ስለ አባትዎ…” ብላ ጀመረችና ተወችው።

ሠላሳ ሺህ ሕዝብ አንድ ላይ ነጠላውን አዘቀዘቀ።

አባቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል፤ አፈር ያለበስኩትም እኔው ነኝ። በሕልሜ ግን በሕይወት ነበረ። ጠዋት ከቤት ስወጣ መቋሚያውን ሲፈልግ የተውኩት መሰለኝ።

“አባቴ ምን ሆነ?”

“ምንም።”

“ጀምረሻል እኮ፤ ጠይቂኝ።”

“አልጠይቅም።”

“እየለመንኩሽ?”

“ላብዎ አልደረቀም፣ ጋሼ” አለችኝ። “ሰው ላቡ ሳይደርቅ፣ ሜዳ መሐል አቁመውት መርዶ አይነገረውም። ቤትዎ ይግቡ። ወገን ይሰብሰብ። ይዞ የሚያስቀምጥዎ ሰው ይኑር።”

የቱታዋን ጃኬት አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። አልደብቅም፣ አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ የአባቴ ነገር ብቻ አይደለም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ማይክሮፎን ይዤ እያለሁ አንድ ሰው ላይ እንኳን ልብስ ደርቤ አላውቅም።

ቤቴ ደግሞ የአባቴ ቤት ነበር። ስታዲየሙ ውስጥ፣ ከርዝመት ዝላዩ አሸዋ አጠገብ ቆሟል። በሩ ላይ የከተማው ጋዜጠኞች በሙሉ ጫማቸውን አውልቀው ተሰልፈዋል። ማይክሮፎናቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ደብቀዋል። ከፊት የቆመው ናትናኤል ነው፤ ነጭ ጺም አብቅሏል።

“ምን ትጠብቃላችሁ?” አልኩት።

“ላለመጠየቅ ተሰልፈን ነው።”

“እስከ መቼ?”

“እስኪነጋ። ከነጋም በኋላ ባለቤቱ ካልጠራን እንመለሳለን።”

በሩ ተከፈተና ቦንሳ ወጣ። “ጋሽ ምትኩ፣ አደራዬን ይዘው መጡ?” አለኝ።

ኪሴን ፈተሽኩ። ስልክ፣ ባጅ፣ ሁለት የሞቱ ባትሪዎች፣ የተላመጠ ወረቀት። “ለእሱ ሰጠሁት” ብዬ ናትናኤልን አሳየሁት። ናትናኤል አፉን በጋቢው ጫፍ ጠረገና ወደ ሰማይ አየ።

“እኔ እኮ የሰጠሁት ለእርስዎ ነው” አለኝ ቦንሳ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከውስጥ የአባቴ ሳል ተሰማኝ። ልገባ ስል ቦንሳ ክንዱን ዘረጋ። “ይግቡ። ወረቀቱን ግን ደጅ ይተዉት።” ልጥለው እጄን አራገፍኩ፤ አልወድቅ አለ። መዳፌ ላይ ተጣብቋል። በጥፍሬ ስፍቅ፣ ሳሉ እየራቀ፣ እየቀጠነ ሲሄድ ነቃሁ።

ፀሐይዋ መስኮቱን ሞልታዋለች። ስልኬ ላይ ያልመለስኳቸው አሥራ አንድ ጥሪዎች አሉ፤ ሁሉም የናትናኤል። ሰዓቱን አየሁ። ውድድሩ ይሄኔ አልቋል።

ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። አልሄድኩም፤ ስለዚህ አልጠየቅኋትም። እንቅልፍ እንኳን አንዳንዴ ከሰው ይሻላል ብዬ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ነገ ንጋት ላይ ሽማግሌዎቹ በወጉ ያረዷታል፤ እኔም ቀስ ብዬ ሄጄ ከለቀስተኛው ጋር እቀመጣለሁ። አለቃዬ ቢቆጣ ይቆጣ።

በወዲያኛው ክፍል ባለቤቴ ሬዲዮ ከፍታለች፤ የእኛው ጣቢያ ነው። የስታዲየሙ ጫጫታ ይሰማል። ከጫጫታው መሐል የናትናኤል ድምፅ ወጣ። ራሱ ሄዷል።

“ሶሬቲ፣ ሁለተኛ ወጥተሽ ቡድኑን ተቀላቅለሻል፣ እንኳን ደስ አለሽ። በዚሁ አጋጣሚ በአባትሽ ኅልፈት የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን። በሐዘን ላይ ሆኖ መሮጥ እንዴት ነበር?”

ትንፋሿ ገና አልተመለሰም። ማይክሮፎኑ ላይ ሲገባ ሲወጣ ይሰማል።

“አባቴ?” አለች። “ትናንት ደውዬ ነበር እኮ። ተኝቷል አሉኝ።”