እርድ የሸፈነው መስመር

ሰው ግማሹን አንብቦ ሙሉውን የሚያወራ ፍጥረት ነው። እናንተን ማማቴ አይደለም፤ ራሴን ነው። ከደጋ መጥቼ ጋምቤላ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ በነርስነት ስሠራ ዓመታት ተቆጥረዋል። እዚህ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ «ዶክተር» ነው። መጀመሪያ ሰሞን «ኧረ ነርስ ነኝ» እያልኩ አስተካክል ነበር፤ በኋላ ግን ተውኩት። ምን ላድርግ፣ ይጣፍጣላ!

አንድ ቀን በስልኬ ስለ እርድ አነበብኩ። ከእርድ የሚወጣ ንጥረ ነገር የሰው ቆዳ ህዋሳትን ብግነት፣ ማለትም ያንን ማበጡንና ማቃጠሉን፣ ያበርዳል ይላል። ህዋሳቱ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ያሉ መሆናቸውም ተጽፏል። ሳህን ጭቃ እንደማይረግጥ ግን ማን ልብ ይላል? እርድ ደግሞ ከመቲ ከተማ በጆንያ እየተጫነ ይመጣልናል። በቃ፣ ቁስል ሳጥብም መርፌ ስወጋም ወሬዬ እሱ ሆነ።

አሪየት የመጣችው በዚህ መሐል ነው። ኒውላንድ ሰፈር የምትኖር፣ የባሮ ወንዝን ዓሣ በየሰፈሩ እያዞረች ሸጣ ሦስት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። እንጀራዋ እግሯ ነው። የዓሣ እሾህ ወግቷት ቁርጭምጭሚቷ አብጧል። አጠብኩላት፣ ክኒን ሰጠኋት፣ እንደ ሥራችን ደንብ የእብጠቱን ዳር በእስክሪብቶ አሰመርኩና «እብጠቱ ይቺን መስመር ካለፈ ሳትውዪ ሳታድሪ ነይ» አልኳት። እዚያ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ይሄ አፌ ግን መች ያርፋል፣ ስለ እርዱም አወራኋት።

«ዶክተር፣ እርድ ጥሩ ነው?»

«እንዴታ! ሳይንስ የመሰከረለት!»

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይላሉ አባቶች። በስድስተኛው ቀን ጎረቤቶቿ በባጃጅ አመጧት። ገላዋ እሳት ሆኗል። እግሯ እስከ ጉልበቷ በእርድ ተለስኖ ደርቋል።

«መስመሩን አላየሽም?» ብዬ ጮህኩባት፤ እሷ ላይ መጮሄ ዛሬም ያሳፍረኛል።

«መስመሩ ከእርዱ ሥር ነው፣ ዶክተር። እርዱ ቀዝቀዝ አደረገኝ። ይበቃል ብዬ ክኒኑን ለልጆች አስቀመጥኩ።»

በለብታ ውሃ አጠብኩት። መስመሬ ደብዝዞ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ቀርቷል፤ የሞተው ሥጋ ጉልበቷ ሥር ደርሷል። ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል ላክናት። በማግስቱ እግሯን ከጉልበቷ በላይ ቆረጡት።

ልጠይቃት ስሄድ መንገዱን ሙሉ የይቅርታ ቃል ስመርጥ ነበር። ገና ሳልቀመጥ አጠገቧ ለተኛችው ሴት «የእኔ ዶክተር ይሄ ነው። እሱ ደህና መክሮኛል፤ እኔ ነኝ የዘገየሁ» አለቻት።

«የለም አሪየት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። የማላውቀውን ነው የነገርኩሽ» አልኳት።

«አየሽ? ትዕቢት የለውም» አለች ወደ ሴትዮዋ ዞራ።

ሴትዮዋም ያበጠ ክንዷን ወደ እኔ ዘረጋችና «ዶክተር፣ እርዱ ለዚህም ይሆናል?» አለችኝ።