ከፈይዛ ስጋጃ ወጣ ስለተባለው ብል፣ ስለ መልኩና ስለ ደረሰበት አገር

ቀን፦ እሑድ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ 4፡00
ቦታ፦ መካነ ሰላም፣ ከሰብሳቢው ከጋሽ ኑርሁሴን ግቢ፣ ወይራው ሥር

ከለቅሶ ዕድራችን ከቅሬው ሠላሳ አንድ አባላት አሥራ አምስቱ ተገኝተዋል። ምልዓተ ጉባኤው በአንድ ሰው ጎድሎ ሳለ ያለው የተባለው አባላችን ትልቁን ድስት ሊዋስ ስለመጣ፣ እንዲቀመጥ ተደርጎ ሞልቷል። ድስቱም ስብሰባው ሲያልቅ እንደሚሰጠው ተነግሮታል።

አጀንዳ 1፦ የብሉ መልክ
እትዬ ብዙዬ፣ ከአቀስታ የተገዛው የቅሬው የሱፍ ባና በብል መበላቱን፣ ብሉም የመጣው የዕቃ ቤት ቁልፍ ያዥዋ ፈይዛ ከጂዳ አምጥታ ለለቀስተኛ መቀመጫ በሰጠችው ስጋጃ መሆኑን አስረዱ። ስጋጃው ይቃጠል፣ ቁልፉም ይነጠቅ አሉ። ፈይዛ፣ «አራት ዓመት የሰው ቤት ጠርጌ ያመጣሁትን?» አለች።

ሰብሳቢው «ተከሳሹን ሳናውቅ እንዴት እንፈርዳለን» ስላሉ፣ ተናጋሪ ሁሉ አስቀድሞ በቤቱ ብል እንደሌለ እንዲምል፣ ከዚያ መልኩን እንዲያስረዳ ተወሰነ።

እትዬ ብዙዬ በማርያም ምለው፣ ከገብስ ፍሬ የማይበልጥ፣ የገለባ መልክ ያለው ነው አሉ። ባሲማ ወላሂ ብላ፣ ክንፉ እንደ ወርቅ እንደሚያብረቀርቅ፣ እሱስ ጾመኛ እንደሆነ፣ ባናውን የሚበላው ትሉ መሆኑን ገልጻ አረመቻቸው። አቶ ጋሹም ምለው፣ አናቱ ላይ ቀይ ጭገር አለው፣ ብርሃን ይሸሻል፣ ከካፖርት የግራውን ብብት ያስቀድማል አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ ሦስቱም ልክ ናቸው ተባለ።

አጀንዳ 2፦ የደረሰበት አገር
በመሐላው መሠረት ብሉ ከፈይዛ ስጋጃ በቀር የትም እንደሌለ ልጽፍ ስል፣ ያለው እጁን አወጣ። «እኔ አይቼው ስለማላውቅ ዝም ብያለሁ። እናንተ ቤት ከሌለ የግራ ብብት መውደዱን ማን ነገራችሁ?» አለ። እትዬ ብዙዬ፣ ያለው ድስቱን ይዞ አሁኑኑ እንዲሄድ ሐሳብ አቀረቡ። ምልዓተ ጉባኤው ስለሚጎድል ውድቅ ሆነ።

ሰብሳቢው ተቆጥተው ሊነሡ ካፖርታቸውን ሲያራግፉ ሦስት ብል ወጣ። ጸሐፊዋም ከክረምት ጀምሮ በቤቷ እንዳለ ማንም ሳይጠይቃት እዚህ መዝግባለች።

ውሳኔ፦ ከላይ የተወሰነው ሁሉ፣ መሐላውም ጭምር፣ እንዳልነበረ ይቆጠር። የብሉ አገር «ቅሬው የደረሰበት ሁሉ» ተብሎ ይጻፍ። በሚመጣው ለቅሶ ስጋጃው ላይ እትዬ ብዙዬ ቀድመው ይቀመጡ።

ስብሰባው 6፡10 ላይ ተበተነ። ለያለው ድስቱን ልትሰጥ ዕቃ ቤቱን የከፈተችው ፈይዛ ናት፣ በራሷ ቁልፍ። በሩ ሲከፈት አንድ ትንሽ ነገር በረረ፤ ሁላችንም አላየንም ብለናል።

ጸሐፊ፦ ሙሉሐረግ