ሙሉ ነጥብ ያገኘው ቤት

ሕይወቱ አልቃና ያለው ሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? አልጋውን ከቀኝ ግድግዳ ወደ ግራ ግድግዳ ያዞራል። እኔ ለምሳሌ እናቴ «መቼ ነው የምታገባው?» የሚል ደብዳቤ በላከች ቁጥር ሳጥኔን አራግፌ ሸሚዞቼን እንደ አዲስ አጥፋለሁ። ሚስት ባላገኝም የታጠፈ ሸሚዝ አጥቼ አላውቅም። እንግዲህ እንዲህ ያለ አመል ያለበትን ሰው ደመወዝ ቆርጠውለት የሰው ቤት እንዲያስተካክል ቢልኩት ምን እንደሚሆን አስቡት።

የላኩት እኔን ነው። በስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ከጎጃም ተነሥቼ ቆቦ በንጽሕና ተቆጣጣሪነት ተመደብኩ። ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞሩ የቤት አያያዝ ማስተማርና በቅጽ ላይ ነጥብ መስጠት ነበር። ከብት ከሰው ተለይቷል? እህሉ አይጥ እንዳይደርስበት ተከድኗል? ማጀቱ ከጭስ ጠድቷል? ዝንብስ? ዝናቡ መጥፋቱን አታውቅም ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። እንዴት አላውቅም! ቅጹ ላይ ግን ስለ ዝናብ የሚጠይቅ መስመር አልነበረም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ዘንድ ደግሞ ሁለቱም ተገናኝተው ነበር።

ግንቦት ላይ ከሮቢት ወጣ ብሎ ወዳለ መንደር ሄድኩና አያ ሰይድ የሚባሉ ገበሬ ደጃፍ ቆሜ ሰላምታ ሰጠሁ። «ግባ ሐኪሙ» አሉኝ። መርፌ ጨብጬ አላውቅም፤ እዚያ አገር ግን ቦርሳ አንጠልጥሎ ከመንግሥት የመጣ ሁሉ ሐኪም ነው። ባለቤታቸው እቴ ዘሀራ በእናቴ ዕድሜ ያሉ፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው ፈጣን ሴት ነበሩ።

ገብቼ ዞር ዞር ብዬ ባይ ደነገጥኩ። እንዲህ ያለ ቤት በዚያ ወረዳ አላጋጠመኝም። በግርግሙ አንድ ከብት የለም። ጉልቻው ላይ የአመድ ብናኝ አይታይም። ጎታውን ከፍቼ አንገቴን ባስገባ የተጠረገ ከመሆኑ የተነሣ ትንፋሼ ተመልሶ ሲመጣ ሰማሁት። እንስራው ማዕዘን ላይ፣ ቅሉ ከበላዩ፣ ሁለት ቁርበት ታጥፎ መደቡ ላይ፤ በቃ። ዝንብ እንኳ ለምልክት የለችም። ደስታዬን መቆጣጠር አቅቶኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ለአገር ምሳሌ የሚሆን ቤት መሆኑን፣ ጎረቤት ሁሉ መጥቶ ሊማርበት እንደሚገባ አብራራሁ። «መቶ ከመቶ!» አልኩና ጻፍኩት።

እቴ ዘሀራ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ከብቱን ከሰው የለየነው እኛ አይደለንም። አላህ ነው የለየው» አሉ። «አንዱን በሬ ጎብዬ ገበያ ወስደን በሁለት ቁና ማሽላ ለወጥነው፤ ሌላው እዚሁ ደጃፍ ወደቀ። እሳት ካነደድንም ሰነበትን፤ ምን ልንጥድበት? አይጡስ ቢሆን መቼ ቆየልን? ወደ ዋጃ ሳይሰደድ አልቀረም።»

መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ቀጥለው አያ ሰይድ ሳቁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ሲያልቅ አያ ሰይድ ቅጹን በጣታቸው ነካ አድርገው፣ «ይኼ መቶ የምትለው ነገር ይበላል?» ብለው ጠየቁኝ። ሊያሾፉብኝ አልነበረም፤ የምር ነው የጠየቁት።

«አይበላም» አልኩ።

«እንግዲያው ለሌላ ሰው ስጠው።»

ቦርሳዬ ውስጥ ለምሳ የያዝኩት ግማሽ ዳቦ ነበረ፤ አውጥቼ ሰጠኋቸው። እቴ ዘሀራ «ቢስሚላህ» ብለው ከሦስት ቆረሱትና አንዱን ድርሻ ለእኔ ዘረጉልኝ። እንግዳ ሳይቀምስ ከቤታቸው ወጥቶ አያውቅማ! እምቢ ብል ቤታቸውን መናቅ ነው፤ ብበላ ደግሞ ምን እንደሆነ እናንተው ስም አውጡለት። በላሁት።

ሐምሌ ሲገባ መንደሩ ሁሉ ወደ ቆቦ ወርዶ አውራ ጎዳናው ዳር ሰፈረ። አንድ ቀን በዚያ ሕዝብ መካከል ሳልፍ፣ «ሐኪሙ! ጫማህን!» የሚል ድምፅ አቆመኝ። አንድ እግሬ አየር ላይ እንዳለ ወደ ታች ባይ፣ ቡጢ ቡጢ በሚያካክሉ ድንጋዮች የታጠረች የአልጋ ስፋት ያላት መሬት አየሁ። እቴ ዘሀራ ውስጧ ተቀምጠዋል። መሬቷ ተጠርጋለች። በአንድ በኩል ድንጋዩ ተቋርጧል፤ በር ነው።

«አያ ሰይድስ?» አልኩ።

«ትናንት ወዲያ ቀበርነው። ኢና ሊላሂ» አሉ። ቀጥለውም፣ «በበሩ በኩል ግባ» አሉኝ።

ጫማዬን አውልቄ በበሩ በኩል ገባሁ። መደቡ የቱ ጋ እንደሆነ፣ ማጀቱ የቱ ጋ እንደሆነ አሳዩኝ። በዚህ ድካም ለምን ድንጋይ እንደሚሸከሙ ብጠይቃቸው ተገርመው አዩኝ። «ሜዳ ላይ ዝም ብሎ የሚወድቅ ከብት ነው፣ ልጄ። ከብትና ሰው ይለይ ያልከው አንተ አይደለህ?»

በሦስተኛው ቀን ከበላይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ደረሰኝ። ትልልቅ እንግዶች በመኪና ስለሚያልፉ የመንገዱ ዳር በአስቸኳይ ሥርዓት እንዲይዝ፣ ኃላፊውም የንጽሕና ተቆጣጣሪው እንዲሆን ይላል። አለቃዬ ዘንድ ሮጬ ሕዝቡ የት ይሂድ ብል፣ እሱ የእኔ ሥራ እንዳልሆነ በትሕትና ነገረኝ። ደብዳቤውን ቀድጄ ፊቱ ላይ ወረወርኩት ብላችሁ ደስ ባለኝ። ነገር ግን በአራት አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። በማግሥቱ ዘበኞች ሕዝቡን በዱላ እየነዱ ከደረቁ ወንዝ ማዶ አሻገሩት። እቴ ዘሀራን ለማስቀረት ዞሬ ዞሬ ፈለግኋቸው፤ ሰዉ እንደ ጎርፍ ሲሄድ ፊት አይለይም። ስመለስ የቀን ሠራተኞች ድንጋዩን ሁሉ ለቅመው ኖራ ቀብተውታል። በመንገዱ ግራና ቀኝ እንዲደረደር ገመድ የወጠርኩት እኔ ነኝ። የእቴ ዘሀራ በርም፣ መደብም፣ ማጀትም እዚያው ውስጥ አሉ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን እንጃ።

መኪኖቹ አቧራውን እያጨሱ መጡ። አንዷ ብቻ አጠገቤ ስትደርስ ፍጥነቷን ቀነሰች። ከወንዙ ማዶ ያለውን ሕዝብ አዩ ማለት ነው፣ ሊጠይቁኝ ነው ብዬ የምናገረውን በአፌ ሰደርኩ። መስታወቱ ዝቅ አለና አንድ ጣት ወደ ነጮቹ ድንጋዮች ተቀሰረ።

«እዚህስ ሥርዓት የሚያውቅ ሰው አለ» ሲሉ ሰማሁ። መኪናዋ አለፈች።