እድፍ የማይዘው ሶፋ

ታላላቅ ሰዎች ሕዝብ የሚያስፈልገውን ከሕዝቡ ቀድመው ያውቃሉ። ጋሼ የምላቸው ታላቅ ወንድሜም እድፍ የማይዘው ሶፋ ከነምንጣፉ የገዙት ማንም ሳይፈልገው ነው።

ሶፋው ነጭ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ጋሼ ብድግ ብለው አንድ ብርጭቆ ሻይ ያፈሱበታል። ሻዩ ጠብ ጠብ እያለ ተንከባልሎ ምንጣፉ ላይ ይወርዳል፤ ምንጣፉንም አይዘውም። እንግዳው ያጨበጭባል። የሚጠጣው ሻይ ግን አይተርፍለትም።

ይህ ክብር እንዳይቀንስ በየቅዳሜው ጋሼ ከጣሳ እድፍ የሚከላከል መድኃኒት ይረጩበታል። ስንት የወጣበትን ነገር ነፋስ እንዳይወስደው መስኮቱ ይዘጋል። እኛ እናስላለን፣ ሶፋው ያበራል። ያለ መስዋዕትነት ድል የለም።

የዘጠኝ ወር ልጃቸው ጥርስ ማብቀል የጀመረችው እዚሁ ሶፋ ላይ ነው። ጠርዙን ይዛ ትቆምና ድዷ እስኪወጣለት ታኝከዋለች።

«አያችሁ? ምራቋ እንኳ ምልክት አይተውበትም!» ይላሉ አባቷ።

ሚስታቸው ግን ክፉ አመል አለባት፤ ጣሳ ላይ የተጻፈ ታነባለች። ባሏ አላዋራ ቢሏት ልጇን ልታስከትብ ስትሄድ ባዶውን ጣሳ በቦርሳዋ ይዛ ለሐኪሟ አሳየች። ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

«ፍሎሪን ያለበት ኬሚካል ነው አለችኝ። አንዴ ሰውነት ውስጥ ከገባ ለዓመታት ይቆያል። ልጅ ላይ የክትባቱን ጉልበት ሊያዳክም ይችላል።»

«ሶፋው ላይስ ምን ያደርጋል?»

«ሶፋው ላይማ ምን ያደርጋል!»

«ተመስገን! ታዲያ ምን ያስጮህሻል?»

«ልጄና ይሄ ሶፋ አንድ ቤት አይኖሩም ነው የምልህ!»

ጉዳዩ ከባድ ስለሆነ አስቸኳይ የቤተሰብ ጉባኤ ተጠራ። ሰብሳቢ ጋሼ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ። የተሰበሰብነው ቆመን ነው፤ ሶፋው ላይ መቀመጥ ውይይቱን ያዛባል ተብሎ። ጋሼ «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ብለው ከፈቱ። ሁለተኛው ግማሽ ስለ ሶፋው እንደሆነ ገባን።

«የሐኪም ቃል የተከበረ ነው» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ሁለቱ ይለያያሉ።»

ሚስታቸው እንባዋ መጣ፤ «እግዜር ይስጥህ» አለች። እኔም ለጋሼ ያለኝን አድናቆት በቃለ ጉባኤው አሰፈርኩ።

«ስለዚህ» አሉ ጋሼ፣ «ልጅቷ አያቷ ጋ ትሂድ።»

«ልጅቷ?!»

«ሶፋው ከባድ ነዋ! በበሩም አይወጣ። እሷን ባንድ እጅሽ ታነሺያታለሽ።»

«የማጠባት እኮ እኔ ነኝ!»

«እንግዲያው አብረሻት ሂጂ። ማን ከለከለሽ?»

ሚስታቸው ወደ ጓዳ ገብታ የልጅቷን ልብሶች በሻንጣ መክተት ጀመረች። እውነቱን ለመናገር አፈርኩ፤ ግን በቃለ ጉባኤው ላይ ለእፍረት የተተወ ቦታ የለም።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው «የምትደግፉ?» አሉ። ሁለት እጅ ወጣ፤ አንዱ የእኔ ነው።

«የምትቃወሙ?» ብለው ክፍሉን ግራ ቀኝ ቃኙ።

የምትቃወመው ልጇን አዝላ ውጭ በር ላይ ታክሲ እየጠበቀች ነበር። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።