ለፍሬን የተላኩ ሽማግሌዎች

ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት ያደረ ልጅ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ለምን እንደሚድን የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ይንገረኝ። ቤት ውስጥ እናቱን ያስለቀሰ ትኩሳት ጤና ጣቢያው በር ላይ ድራሹ ይጠፋል። ልጁ ይስቃል፣ የሐኪሙን ማዳመጫ ይጎትታል፣ እናቲቱም እንደ ሥራ ፈት ታይታ አንገቷን ደፍታ ትመለሳለች። እኔ ይህ በልጅ ደርሶብኝ ችዬዋለሁ። በመኪና ሲደርስብኝ ግን አልቻልኩም።

ድንች ነጋዴ ነኝ። ደብረ ታቦር ገበያ የጉና ድንች ገዝታችሁ ከሆነ ግማሹን ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ ግማሹን ማለቴ እንኳ ጉራ ነው፣ ተውት። ስንት ዘመን በሰው መኪና ስጭን፣ የሹፌር ኩርፊያ ሳባብል ኖሬ በመጨረሻ የራሴን አዲስ ፒክአፕ ገዛሁ። የምነዳውም ራሴ ነኝ። ባለቤቴ መምህር ነው፣ ጥሩ ሰው ነው፣ የመኪና ቁልፍን ከቁም ሳጥን ቁልፍ አይለይም።

መኪናዋ ዳገት ስትወጣ እንከን አይወጣላትም። ጉዱ ቁልቁለቱ ላይ ነው። ድንች ጭኜ ከጉና ወደ ጋሳይ ስወርድ ፍሬኑ መጀመሪያ ደህና ይይዛል፤ እየሞቀ ሲሄድ ይለሰልሳል፤ ከዚያ ፔዳሉ እግሬ ስር ሰምጦ ወለሉ ላይ ይቀራል። ቆሜ ሳቀዘቅዘው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይመለሳል። መንገዱን ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ በአንድ በኩል ተራራ ነው፣ በሌላው በኩል ምንም የለም። ደግሞ እዚያ አገር ብቻውን የሚነዳ ሰው የለም። ነፍሰ ጡሯ «ጤና ጣቢያ አድርሽኝ» ትላለች፣ አዛውንቱ ምርኩዛቸውን ያነሳሉ። እንዴት ብዬ ልለፋቸው?

አንድ ቀን እነሱኑ ጭኜ ስወርድ ፔዳሉ ጨርሶ ከዳኝ። በማርሽና በእጅ ፍሬን እንደ ምንም አቆምኳት። ድንቹ ላይ የተቀመጡት ሰዎች «ምነው ቆምሽ?» ቢሉኝ «ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው» አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ሰው መጫን ተውኩ፤ እጃቸውን ሲያነሱ ያላየሁ መስዬ ጥያቸው አልፍ ነበር።

መኪናዋን ወደ ሸጠልኝ ድርጅት፣ ባሕር ዳር ወሰድኳት። ባሕር ዳር እንደምታውቁት ሜዳ ነው። ባለሙያዎቹ ባዶዋን እስከ ሐይቁ ዳር ዘንባባዎች ነድተዋት ተመለሱና «ምንም የላትም» አሉኝ። ኮምፒዩተር ሰኩባት፤ እሱም ምንም አላየሁም አለ። ጉና ወጥቶ አያውቅ፣ ምን ሊያይ! ለማንኛውም ብለው የፍሬን ሸራ ቀየሩልኝ። ጉና ወጣሁ፣ ጫንኩ፣ ወረድኩ። ያው ናት።

ተመልሼ ስሄድ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ተቀበለኝ። ሸሚዙ የጸዳ፣ አንደበቱ የታረመ፣ በየቃሉ «እናቴ» የሚል ወጣት ነው።

«እናቴ፣ ሹፌሩ ማን ነው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«አይ፣ የሚነዳው ማለቴ ነው።»

«እኔ ነኛ!»

ፈገግ አለ። «እንግዲያው ችግሩ ተገኘ። ፍሬን ላይ ተኝተው ነው የሚወርዱት። መኪናዋ ጤነኛ ናት፤ የአነዳድ ችግር ነው።»

በሽታው እኔ ሆኜ አረፍኩት። እንባዬ መጣ፤ የንዴት ነው፣ የሐዘን እንዳይመስላችሁ።

ቤት ገብቼ ስንጨረጨር የእናቴ ወንድም አያ ሞላ መጡ። በእኛ ሰፈር አያ ሞላ፣ የደብራችን መሪጌታና ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ያልተላኩበት እርቅ የለም። የክርስቲያኑን ሰርግ ሳይቀር ሐጂን ይዘው ነው የሚጨርሱት።

«ሽማግሌ ልከሽባቸዋል?» አሉኝ።

«ለመኪና?»

«ለሚስት የሄደ እግር ለፍሬን ምን ያግደዋል?»

በማግስቱ ከሦስቱም ጋር ባሕር ዳር ወረድን፤ በአውቶቡስ። በእኔ መኪና አንሄድም አሉ። ያን ጊዜ ልብ ማለት ነበረብኝ።

ሦስቱም ነጫቸውን ለብሰው እንግዳ መቀበያው መሐል ቆሙ። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ «አባቶች፣ ተቀመጡ» ስትል አያ ሞላ «ጉዳያችን እሺ ሳይባል አንቀመጥም» አሉ። ባገራችን እንዲህ ተብሎ የሚቆመው ለምን እንደሆነ መቼም ለእናንተ አልነግርም። ልጅቷ ለእሷ የመጡ መስሏት ፊቷ ቀላ። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ጥጋጥጉን ይዞ ሙሽራይቱን ይመርቅ ጀመር።

ሥራ አስኪያጁ ወጣ። «አባቶቼ፣ በማርያም ተቀመጡ!» ቢል፣ ቢለምን፣ ወይ ፍንክች። ሐጂ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆሙ። ያሳደገው ሰው ያለ ልጅ ሽማግሌ ቆሞ አይቀመጥም፤ እሱም ቆመ። ሥራው ሁሉ ቀጥ አለ።

«እሺ፣ ምንድን ነው የፈለጋችሁት?»

«አንተን» አሉ አያ ሞላ። «መኪናዋ ጤነኛ ናት ብለሃል። ጉና ወጥተህ ከልጃችን ጎን ተቀምጠህ ውረድ። ሌላ ምንም አንልህም።»

ልጁ ዙሪያውን አየ። ሰው ሁሉ ያየዋል።

«እሺ» አለ። ሦስቱም እኩል ዝርፍጥ ብለው ተቀመጡ።

በቃሉ መሠረት ጉና መጣ። ብርዱ ከንፈሩን አደረቀው። ድንቹ ተጫነ። ሽማግሌዎቹን «በሉ ግቡ» ብላቸው አያ ሞላ ጋቢያቸውን አጣፍተው «እኛ እዚሁ ቆመን እንጠብቃለን» አሉ። መቆሙን ችለውበታል መቼም!

እኔና እሱ ብቻ ወረድን። መጀመሪያ ፍሬኑ ያዘ። «አዩ?» አለኝ። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ፔዳሉ ላላ ሲል እግሬ አወቀው፤ ማርሽ ቀነስኩ። «እናቴ፣ ቀስ ይበሉ» አለ። «አቅቶኝ እኮ ነው የመጣኸው!» አልኩት። ቀጥሎ ረገጥኩ፣ ወለሉ ጋ ደረሰ። ደግሜ ረገጥኩ። ባዶ። ከፊታችን ሰዎች በግ እየነዱ ወደ ገበያ ይወርዳሉ፤ በጎቹ መንገዱን ሞልተውታል። ክላክሱን ተጭኜ አልለቀውም፣ አንደኛ ማርሽ ከተትኩ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ አሁንም እንሄዳለን። ልጁ በሁለት እጁ የበሩን መያዣ ጨብጦ የእናቱን ስም ይጠራል። የእውነተኛ እናቱን ነው፣ የእኔን አይደለም። መሪውን ወደ ተራራው በኩል ሰብሬ ቦዩ ውስጥ ከተትኳት። ጎኗ አፈሩን እየፋቀ ሄዶ ሄዶ ቆመች። የመጨረሻዋ በግ መስኮቴ ስር ነበረች።

ልጁ የበሩን መያዣ ለቀቀና «ማስተሩ ነው» አለ። ፔዳል ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማ የሚገፋው ዕቃ ነው። «ሲሞቅ ውስጥ ለውስጥ ያሾልካል።»

«ሲሞቅ ይከዳኛል ብዬህ አልነበረም?»

«ብለውኛል።»

«ታዲያስ?»

ወደ ኋላ ዞሮ ዐይኑን ድንቹ ላይ ተከለ።

ማስተሩ ተቀየረ። የፋቀችውንም አበጁልኝ፣ ይቅርታም ጠየቁኝ፤ ይቅርታውን ግን ለአያ ሞላ ደውለው ነው የነገሯቸው። አሁን ፍሬኑ ባሰብኩበት ይቆማል። ነፍሰ ጡሯንም አዛውንቱንም እጭናለሁ።

በቀደም መሪዋ ሲንቋቋብኝ ጊዜ ብቻዬን ባሕር ዳር ሄድኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ አንገቷን አስግጋ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየች።

«ሽማግሌዎቹስ?»

«የሉም። ምን ያደርጉልሻል?»

«እንግዲያው ይቀመጡና ተራዎን ይጠብቁ። መሪው እንኳ ምናልባት የአያያዝ ጉዳይ ይሆናል።»

ወንበሩን አየሁት። ለስላሳ ነው። ነጠላዬን አጣፋሁና መሐሉ ላይ ቆምኩ።

«ጉዳዬ እሺ ሳይባል አልቀመጥም!»

ሥራ አስኪያጁ ድምፄን ሰምቶ ከቢሮው እየሮጠ ወጣ፤ ወንበር ለመሳብ እየተጣደፈ ዐይኑ ከኋላዬ ያሉትን አባቶች ይፈልጋል። ከኋላዬ ማንም አልነበረም።